ወተቱ የማን ነው?

እዚህ ለንደን ቪጋኖች በተሰበሰቡበት ሁሉ ሳይነሳ የማይቀር አንድ ክርክር አለ፤ «ቪጋንነት ሲጀመር ምን ነበር?» የሚል። አንዱ ወገን ነገሩ የእንስሳት ነፃነት ጥያቄ ነው ይላል፤ ለጤናው ብሎ ሥጋና ወተት የተወ ሰው ጥሩ አመጋገብ መረጠ እንጂ ቪጋን አልሆነም ባይ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ሰው ሳህኑ ላይ ያለውን ከለወጠ በቂ ነው፣ ልቡን መመርመር የማን ሥራ ነው ይላል። የሚገርመኝ ሁለቱም ማስረጃ ፍለጋ ወደ መሥራቾቹ መሄዳቸው፣ ሁለቱም የሚፈልጉትን አግኝተው መመለሳቸው ነው። ይህን ክርክር ለዓመታት ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ስለሚያሳስበኝ ዛሬ የማምንበትን ልጻፍ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በወተት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ማኅበር ያቋቋሙት በ1847 ነበር። ሥጋውን ቢተዉም አብዛኞቹ ወተቱን፣ ቅቤውን፣ አይቡንና እንቁላሉን ይበሉ ነበርና «ይሄስ ከሥጋው በምን ይለያል?» የሚል ሙግት ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ በመካከላቸው ሲንከባለል መጣ። በ1944 ዶናልድ ዋትሰን የሚባል የእንጨት ሥራ መምህር፣ ከኤልሲ ሽሪግሊና ከሌሎች ጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ፣ በማኅበሩ መጽሔት ላይ ወተትም ለማንጠጣ ሰዎች ቋሚ ዓምድ ይሰጠን ብሎ ጠየቀ። ማኅበሩ አልፈቀደም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ለንደን ውስጥ ተገናኝተው ቪጋን ሶሳይቲን መሠረቱ፤ ዋትሰንም ትንሽ ጋዜጣ ማዘጋጀት ጀመረ።

ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነው። ምግብ በራሽን ይታደላል፤ ሥጋ አንበላም ብለው የተመዘገቡ ሰዎች በሥጋው ፈንታ ተጨማሪ አይብ ያገኙ ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ ሁሉ ነገር በተመጠነበት ዘመን ያንን አይብም አንፈልግም ማለት ምን እንደሚጠይቅ። ዋትሰን ራሱ ሕሊናዬ ሰው እንድገድል አይፈቅድልኝም ብሎ ውትድርናን እምቢ ያለ ሰው ነበር። ልጅ ሳለ በአጎቱ እርሻ ላይ አሳማ ሲታረድ የሰማው ጩኸትም ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም።

በዚያ ጅምር ላይ ታዲያ ቪጋን ማለት በተግባር ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይበላ ሰው ማለት ነበር። ጥያቄው የመጣው ከእንስሳቱ ነው፤ መልሱ ግን በምግብ ዝርዝር ተጻፈ። «የምግብ ጉዳይ ነው» የሚሉት ሰዎች ማስረጃቸውን የሚያገኙት ከዚህ ነው፤ ባዶ እጃቸውን አይደሉም።

ለምን ወተት? ከብት ባለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ላም የምትታለበው ስለወለደች ነው። እኛ አገር ስትታለብ መጀመሪያ ጥጃው ይለቀቅላታል፤ ጥቂት ጠብቶ ወተቱ ሲወርድላት ከጡቷ ይነጠቅና እፊቷ ይታሰራል፣ አላቢው ቁጢጥ ብሎ ይቀጥላል። ጥጃው ገመዱን እየጎተተ፣ አፉ ላይ አረፋው ሳይደርቅ፣ የእናቱ ወተት ቅሉ ውስጥ ሲወርድ ያያል። ጥጃው የሞተባት ላም ወተቷን እምቢ ስትል ደግሞ ቆዳው ተገፎ፣ ገለባ ተጠቅጥቆበት ፊቷ ይቆማል፤ እሷም እየላሰችው ትታለባለች። ይህን ያደረጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ልጆቻቸውን የሚያበሉ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ግን ያቺ ላም ምን እየላሰች እንደሆነ ሳስብ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ። በዘመናዊ የወተት እርባታ ጥጃው በተወለደ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከእናቱ ይለያል፤ ወንድ ከሆነ ወተት ስለማይሰጥ መንገዱ ብዙ ጊዜ ወደ ቄራ ነው። ወተቱንና ሥጋውን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ማድረግ አይቻልም ብለው የተነሱት የ1944ቱ ሰዎች ይህንን ነበር ያዩት።

ነገሩን በትክክል የተናገረው ግን ዋትሰን አይመስለኝም፤ የቪጋን ሶሳይቲው አባል ሌስሊ ክሮስ ነው። ክሮስ በ1949 ማኅበሩ እስካሁን ምን እንደሆነ በወጉ አልተናገረም ብሎ ሞገተ። እሱና ጓደኞቹ ገፍተውበት፣ ቪጋንነት ማለት ሰው እንስሳትን ሳይበዘብዝ መኖር አለበት የሚል አቋም ነው የሚል ድንጋጌ በማኅበሩ ደንብ ውስጥ ገባ፤ ክሮስም በ1951 ይህን የሚያብራራ ጽሑፍ አወጣ። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። ወተቱ፣ ቆዳው፣ ሱፉ፣ ማሩ፣ ሰርከሱ፣ ቤተ ሙከራው ሁሉ ከአንድ ሥር የሚበቅሉ ሆኑ። ጥያቄውም ከምግብ አልፎ ይህ ፍጡር የኔ መገልገያ እንዲሆን ማን ፈቀደልኝ ወደሚል ጥያቄ ተሻገረ። ለክሮስ እንስሳው እንዳይሠቃይ ብቻ መጨነቅ በቂ አልነበረም። በደንብ የተያዘ ባሪያም ባሪያ ነው፤ የክሮስ ሐሳብ ሲጨመቅ ለኔ ይኸው ነው።

እኔ ከክሮስ ጋር ነኝ። ሆኖም ክሮስን የሚወዱ ጓደኞቼ የሚዘነጉት የሕይወቱ ክፍል አለ። ይኸው ስለ መርህ አጥብቆ የተሟገተ ሰው በ1956 የእፅዋት ወተት የሚያስፋፋ ማኅበር አቋቋመ፤ ከጥረቱ የተወለደው ፕላሚል የተባለው የአኩሪ አተር ወተትም በ1965 ገበያ ላይ ዋለ። የሻይ ወተት ለሌለው ሰው ስለ ነፃነት ብቻ ማውራት እንደማያዛልቅ ገብቶት ነበር። ስለዚህ «ምግቡ ዋናው ነገር አይደለም» ተብሎ ወጥ ቤቱ ሲናቅ አልስማማም። ሱፍ ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል የሚወጣውን ያንን ነጭ ነገር እናቶቻችን ከማን ተማሩት? ከፕላሚል በፊት ስንት ትውልድ ፍትፍት አድርጎ በልቶታል።

እዚህ ላይ ከገዛ ወገኖቼ ጋር ያለኝን ጠብ ላውጣው። የሐበሻ ምግብ ቤት በር ላይ «ቪጋን» ተብሎ የተጻፈው ውስጥ ገብታችሁ ስታዙ የጾም በያይነቱ ነው። ደስ ይለኛል፤ እዚህ አገር ከሥራ ስወጣ ሳልጠይቅ የምበላበት ቤት ያ ነው። ግን ከዚያ ተነስቶ «እኛማ ድሮም ቪጋን ነበርን» ማለት ሁለቱንም ነገር መበደል ነው። አክስቴ ስልክ በደወልኩ ቁጥር «ልጄ፣ ይሄ ጾምሽ መቼ ነው የሚፈታው?» ትለኛለች። ጾም አይደለም እኮ እትዬ ስላት «ታዲያ ስለት ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ጾም የራሴን ሥጋ የማደክምበት፣ ከፈጣሪዬ ጋር የምነጋገርበት ነው፤ መግቢያ አለው፣ መፍቻ አለው፣ ሁዳዴው ሃምሳ አምስት ቀን ቆይቶ ፋሲካ ሲደርስ ዶሮውና በጉ ይታረዳል። ሰው ቅቤን የሚጾመው ቅቤ መልካም ነገር ስለሆነ ነው፤ መጥፎ ቢሆንማ መተዉ ምን ዋጋ አለው? ቪጋንነት ግን ስለ ላሟ ነው። የኔ ነፍስ ብትጠቀምም ባትጠቀምም ጥጃው እዚያው ታስሯል። የምጾም ሰው ነኝ፤ ቪጋንም ነኝ። ሁለቱን አንድ ለማድረግ ሞክሬ አላውቅም፣ መሞከርም አልፈልግም። በጾም ቀን ገበታችን ላይ እንስሳ የለም፤ በቆዳ ጫማችን፣ በጋማ ከብቱ ጀርባ ላይ ግን እንዳለ አለ።

አሜሪካ ውስጥ ኤች ጄይ ዲንሻህ በ1960 የአሜሪካን ቪጋን ሶሳይቲ ሲመሠርት ነገሩን ከሕንዶቹ አሂምሳ፣ ማለትም ምንንም ካለመጉዳት አስተምህሮ ጋር አስተሳሰረው። እንግሊዞቹ ደግሞ በ1979 ዛሬም ድረስ የሚጠቀሰውን አገላለጽ አወጡ፦ በተቻለና በሚተገበር መጠን እንስሳትን ከመበዝበዝና ከማሠቃየት የሚርቅ የአኗኗር ፍልስፍና። «በተቻለና በሚተገበር መጠን» የምትለዋ ሐረግ የዛሬውን ግማሹን ጠብ ታመጣለች። አንዳንዱ ሰበብ ያደርጋታል፤ ዓርብ ማታ ጓደኞቹ ፒዛ ስላዘዙ «አልተቻለም» ይላል። ሌላው ፈጽሞ ያላያት ይመስል የስኳር በሽተኛውን በመድኃኒቱ፣ ችግረኛውን ከእርዳታ ድርጅት በተሰጠው የሱፍ ብርድ ልብስ ይወቅሳል። ብዙ ክኒን ውስጥ ከወተት የሚወጣ ላክቶስ አለ፤ የካፕሱል ሽፋኑ ብዙውን ጊዜ ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የሚሠራ ጄላቲን ነው። መድኃኒቱን የዋጠች ሴት ላሟን የኔ ናት አላለችም፤ ሌላ መንገድ ስላልተሠራላት ነው። ቁጣችን መንገዱን መሥራት በሚችሉት ላይ ቢውል ይሻላል።

ከእፅዋት የሚሠራው የኢምፖሲብል በርገር ነገር ከዚህ ይከብዳል። ኩባንያው ለበርገሩ የሥጋ ጣዕምና ቀለም የሚሰጠውን ከአኩሪ አተር የተገኘ ፕሮቲን ደኅንነት ለማስመርመር በአይጦች ላይ ሙከራ አደረገ፤ ቢያንስ 188 አይጦች ለዚህ ዋሉ። መሥራቹ ፓትሪክ ብራውን፣ ራሱ ቪጋን የሆነ ሰው፣ በ2017 በአደባባይ ጽፎ አመነ፤ ይህ ምርት የሚያድናቸው እንስሳት እጅግ ብዙ ስለሆኑ ከባዱን ምርጫ መረጥን አለ። ቅን ሰው እንደሆነ አምናለሁ። ነገር ግን ክሮስ የተነሳው ይህንኑ ስሌት ለመቃወም ነበር። አይጦቹ ለሌላ ዓላማ መገልገያ ሆኑ፤ ዓላማው የኛ ስለሆነ ስሙ አይለወጥም። በርገሩን አልገዛም። የሚገዛውን ሰው ግን ከበሬ ሥጋ ያመለጠ ሰው ስለሆነ አልሰድበውም።

ጤናን ብቻ ይዘው የመጡትን በተመለከተ የሚያሳስበኝ ንጽሕናቸው አይደለም። ለኮሌስትሮሉ ብሎ የመጣ ሰው ሐኪሙ ምክሩን የለወጠ ዕለት ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ቪጋኖች አንዳንዶቹ በቫይታሚን ቢ12 እጥረት ታመዋል፤ ቫይታሚኑ ራሱ ተለይቶ የታወቀው በ1948 ነው። ለጤናቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ያኔ ሁሉም ወደ ወተቱ በተመለሱ። የቀሩት በሌላ ምክንያት ቀሩ፤ መፍትሔውንም ፈልገው አገኙ። ዛሬ እንክብሉን መዋጥ ብቻ ነው። (ወገኖቼ፣ በእውነት ዋጡት፤ በዚህ ቀልድ የለም።)

በ2020 እንግሊዝ ውስጥ የሥራ ጉዳዮችን የሚያይ ችሎት አንድ ውሳኔ ሰጠ። አንድ ሠራተኛ የጡረታ መዋጮው በእንስሳት ላይ ሙከራ በሚያደርጉ ኩባንያዎች ውስጥ መዋሉን ለባልደረቦቹ በመናገሩ ነው የተባረርኩት ብሎ ከሰሰ። ዳኛው ሥነ ምግባራዊ ቪጋንነት ሕግ የሚጠብቀው ፍልስፍናዊ እምነት ነው አሉ። በዚያ መዝገብ ውስጥ ሙግቱ ስለ ምሳ አልነበረም፤ ስለ ጡረታ ገንዘብ ነበር። በዋትሰን የምግብ ዝርዝር ብቻ ብንቀር ኖሮ ያ ሰው ምን ብሎ ይከራከር ነበር?

ስለ ማርና ኦይስተር ስለሚባለው የባሕር ፍጡር የሚደረገውን ንትርክ ረጅም አላደርገውም። ማር አልበላም፤ የንቧ ስንቅ ነው። ኦይስተር አንጎል የለውም፣ ሕመም አይሰማውም የሚሉ ሰዎች ምናልባት ልክ ይሆናሉ፤ ያልተረጋገጠ ነገር ግን የመብላት ግዴታ ስለሌለብኝ እተወዋለሁ። እነሱ ቢበሉ ጠላቶቼ አይሆኑም።

የሚከብደኝ የሰው ጉዳይ ነው። ብሪዝ ሃርፐር በ2010 ባሳተመችው «ሲስታ ቪጋን» በተሰኘው ስብስብ ጥቁር ሴቶች ስለ ምግብ፣ ስለ ዘርና ስለ ጤና ጻፉ፤ እንቅስቃሴው የነጮች ቤት እንደሚመስላቸውም ተናገሩ። ብዙ የቆዩ ቪጋኖች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ መሥራቾቹ ስለ እንስሳት ነው የተናገሩት፣ ሌላውን አትቀላቅሉብን ይላሉ። በከፊል ይገባኛል፤ ሁሉ ነገር የገባበት ስም መጨረሻ ላይ ላሟን ይረሳታል። ነገር ግን በብዙ አገር ቄራ ውስጥ ቢላዋውን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ሌላ ሥራ ያጣ ስደተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያርድ ውሎ ማታ የሚያንገበግበውን ነገር የሚነግረው ሰው የለውም። ዋትሰን ስለ አሳማው ጩኸት ያሰበበትና ጠመንጃ አልይዝም ያለበት ልብ አንድ ልብ ነበር። የክሮስ ድንጋጌ ስለ እንስሳው ብቻ ይናገራል፤ እንዳለ ይቆይ፣ አልነካውም። ነገር ግን ስለ በሬው እያለቀስን አራጁን ነፍሰ ገዳይ ብለን በምንሰድብበት ሰልፍ ላይ እኔን አትፈልጉኝ። ከነዚያ ሠራተኞች አንዳንዶቹ ያገሬ ልጆች ናቸው፤ የላኩት ገንዘብ እናቶቻቸውን እያስታመመ ነው፤ ሌላ ሥራ ባገኙ ማግስት ቢላዋውን ይጥሉታል።