ደሴቱ ለእኔ ይሆናል ወይ?

«እማዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ሰው ስታስታምሚ ኖረሻል። አሁን ደግሞ አንቺ እረፊ። ሐምሌ ላይ ዛንዚባር እንገናኝ፤ ቲኬቱን ቆርጫለሁ» አለችኝ ልጄ ከአሜሪካ ደውላ።

ቢስቲማ ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅም ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ። እኔ የምመኘው እነሱ ወደ ቤት እንዲመጡ ነው። የልጅ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እናቱ ያደገችበትን ግቢም፣ አያቱ ያረፉበትን አፈርም አላየም።

«ለምን እዚህ አትመጡም?» አልኳት።

«መንገዱን አላመንኩትም እማዬ። ሁለት ሕፃናት ይዤ አልደፍርም። ፈቃዴም አሥር ቀን ብቻ ነው።»

መልስ አጣሁላት። ጎረቤቴ ነገሩን ስትሰማ «አብሽሪ፣ ልጆቹን ማየቱ ነው ቁም ነገሩ፤ የትም ይሁን» አለችኝ። እኔ ግን ሦስት ቀን አሰብኩበት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንኳ ያለ ሥራ መቀመጥ አልለመድኩም። አሸዋ ላይ ተጋድሞ ባሕር ማየት ለእኔ ዓይነቷ ይሆናል?

የጤና ባለሙያ ነኝና መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሰውነቴ ነው። ከአገራችን ወደ ታንዛኒያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ አንዴ የተወሰደ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዕድሜው 60 ያለፈ ሰው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የሚያገኘው ዕድል፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ከወጣቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሐኪም ሳያማክር አይከተብ። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ወስጄው ስለነበር ካርዴን ከሣጥን ፈልጌ አወጣሁ። ዛንዚባር ውስጥ ወባ በእጅጉ ቢቀንስም ጨርሶ አልጠፋምና የመከላከያ መድኃኒት ያዝኩ። የደም ግፊት ክኒኔን ከሻንጣው ሳይሆን ከእጅ ቦርሳዬ አኖርኩት፤ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፣ ግፊት ግን አይጠብቅም።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዛንዚባር በረርኩ። እኛ ጋ ሐምሌ ዝናብና ጭቃ ነው፤ እዚያ ደግሞ ደረቁና ነፋሻማው ወቅት ነው። ዋናው ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል። እንዲያም ሆኖ ለደጋ ሰው እርጥበቱ ይከብዳል። ቆዳዬ ከላብ አይደርቅም፤ ውኃ ቶሎ ቶሎ ካልጠጣሁ ራሴን ያዞረኛል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጭንቅ ነበሩ። አልጋዬን ራሴ አነጥፋለሁ፤ አንጣፊዋ ስትመጣ ሥራ ያጣችው እሷ ትሆናለች። የልጆቹን ካልሲ አጥባለሁ። በሁለተኛው ቀን ማታ ልጄ ትዕግሥቷ አለቀ።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ማረፍ አትችይም። ልጅ ሆኜም እንዲህ ነበርሽ። ከጤና ጣቢያ ትመጫለሽ፣ ወደ ጓዳ ትገቢያለሽ። አጠገቤ ቁጭ ብለሽ አላውቅም።»

ዝም አልኩ። እውነቷን ነው። የሌሊት ተረኛ ሆኜ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች ልቆጥርላት ፈልጌ ነበር፤ ግን አሁን ምን ያደርግላታል?

በማግስቱ ሲነጋጋ የልጅ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ባሕሩ ሸሽቷል። በደሴቱ ምሥራቅ ዳርቻ ውኃው ሲሸሽ ሩቅ ድረስ በእግር ያስኬዳል። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እንጨት ተክለው፣ በገመድ ላይ የባሕር ሣር እያሰሩ ያለማሉ። ሲደርስ ሰብስበው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ከዚያ ወደ ውጭ አገር ተሽጦ የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ማወፈሪያ ይወጣዋል። ሠራተኛ ሴት ሳይ ልቤ ተረጋጋ። ጎንበስ ብዬ ገመድ ያዝኩላቸው፤ ሳቁብኝ። «ፖሌ ፖሌ» አሉኝ፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው።

አንዷን በምልክት ሰዓት ጠየቅኳት። በጣቷ አንድ አሳየችኝ። ልጁ ስልኩን አይቶ «ሰባት ነው እኮ!» ብሎ ግራ ገባው። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደኛው ሰዓትን ከፀሐይ መውጣት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። «እኛም አገር አንድ ሰዓት ነው» አልኩት። አሸዋው ላይ ክብ ሥዬ የእኛን ሰዓት አስተማርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱን «ቁርስ በሁለት ሰዓት ነው» እያለ ያስቃታል።

በየጠዋቱ እንዲሁ እንሄድ ጀመር። «ቢስቲማ ባሕር አለ?» ሲለኝ ስለ ሐይቅ ነገርኩት። ጥንት ደሴት ስለነበረውና ዛሬ ከየብስ ጋር ስለተያያዘው የእስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ስላስተማሩት ስለ አቡነ ኢየሱስ ሞአ አወራሁለት። አያቱ ሐይቅ ዳር ወስዶ እናቱን ዓሣ እንዳበላትም ነገርኩት። ልጄ ከኋላችን ሆና ትሰማ ነበር። መጥታ እጄን ያዘችኝ።

ያኔ አንድ ነገር ታየኝ። ቢስቲማ መጥተው ቢሆን ኖሮ እንግዳ ሲገባ፣ እኔ ወጥ ሳማስል፣ ቡና ሲፈላ አሥሩ ቀን ያልቅ ነበር። ልጁ የሚያየው ጀርባዬን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ጉዞ ቢያስቡላችሁ ለመቀበልም ለመግፋትም አትቸኩሉ። ሙቀትና እርጥበት ትችላላችሁ? ጉልበታችሁ አሸዋና ደረጃ ይፈቅዳል? ዕረፍት ማለት ለእናንተ መተኛት ነው ወይስ በእግር መንሸራሸር፣ ከሰው ጋር መጫወት? እንደኔ እጃችሁ ሥራ የለመደ ከሆነ መዝናኛው ውስጥ ብቻ የሚያስቀምጥ ሳይሆን መንደር ያለበት ቦታ ይመረጥላችሁ። ይህን ቲኬት ሳይቆረጥ ተናገሩ፤ እኔ ሳልናገር ሁለት ቀን አባከንኩ።

ዛንዚባር ለእኔ ይሆናል ወይ? ለአምስት ቀን አዎ፤ ለአሥር ቀን አይሆንም። ይህንኑ ለልጄ ነገርኳት። መንገዱ ሰላም ሲሆን አምስቱ ቀን ቢስቲማ እንደሚሆን ተስማምተናል። እኔም በበኩሌ ቃል ገብቻለሁ፤ ያን ጊዜ ወጡን ሌላ ሰው ይሠራዋል፣ እኔ ከልጁ ጋር ሐይቅ ዳር እሄዳለሁ።