በስድስት ኪሎ አደባባይ ዙሪያ

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወጣ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ከየካቲት 12 ሐውልት ፊት ይደርሳል። ሐውልቱ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በፋሺስቶች እጅ ያለቁትን የአዲስ አበባን ሰዎች የሚያስታውስ ሲሆን፣ የተቀረጹበትም ምስሎች የዚያን ጊዜውን መከራ ያሳያሉ። እኛ ግን ባለፈው እሑድ ወደዚያ የሄድነው ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ የእኅታችን ልጅ መኪና መንዳት እየተማረች ነውና፣ በአሰልጣኟ ፈቃድ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን አብረናት ዞርን።

በቀጥተኛ መንገድ ላይ ልቡ የረጋ ለማጅ እንኳ ወደ አደባባይ ሲቀርብ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሆኖም ሥርዓቱ አጭር ነው። በአገራችን በቀኝ ስለሚነዳ፣ ሐውልቱን በግራ እያደረጉ ይዞራሉ፤ አስቀድሞ በዙሩ ውስጥ ያለው መኪና ይቀድማል፤ ስለዚህ ገቢው ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ወደ ግራው ተመልክቶ፣ ክፍት ቦታ እስኪያገኝ ይታገሣል። እንግሊዞች ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1966 እስኪያጸኑ ድረስ፣ ገቢው ሁሉ እየተጋፋ አደባባዮቻቸው ይታነቁ ነበር።

አጎታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መንዳት የተማሩት በአገራችን በግራ በሚነዳበት ዘመን ነበር። በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ የተዛወረ ጊዜ፣ አደባባይ መዞር ፊደልን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንደ መቁጠር ሆነብኝ ይሉን ነበር።

ልጃችን መግባቱን በሚገባ ፈጸመችው። ሐሳቧ ወደ ግራ፣ ወደ አፍንጮ በር ለመታጠፍ ስለ ነበረ የውስጡን መሥመር ይዛ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣውን መንገድ አለፈች። በዚህ ጊዜ ዓይኗ ወደ ሐውልቱ ሄደ። መውጫዋ ድንገት ከፊቷ ሲደርስባት መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘች፤ በቀኛችን ግን አንድ ሚኒባስ ታክሲ ነበር። አሰልጣኟ ፍሬን ባይዙልን ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። የታክሲው ነጂ የተናገረውን እዚህ አንጽፈውም።

ከዚያ ወዲህ እንደ ተረዳነው፣ ለማጅ የሚፈራው መግቢያውን ነው፤ የሚከፋው ግን መውጫው ነው። ከመውጫው በፊት ያለውን መንገድ እንዳለፉ የቀኝ ፍሬቻ ማብራት፣ በስፖኪዮ ማየት፣ አንገትንም መለስ አድርጎ መመልከት ያስፈልጋል፤ መስተዋቱ የማያሳየው ቦታ አለና። ትልቅ የጭነት መኪና አጠገብ ከሆነ ደግሞ ወደ ኋላ መቅረት ይሻላል፤ የኋላ ጎማው ከፊተኛው ይልቅ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ይዞራል። መውጫው ካመለጠ እንደ ገና መዞር ነው፤ ለዚህ ማንም አያፍርም። በእግረኛ መሻገሪያውም ላይ በዚያ ጠዋት ከቅዳሴ የተመለሱ እናቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ይሻገሩ ነበር፤ የሚወጣው መኪና ሊቆምላቸው ግዴታው ነው።

አሰልጣኟ ሳይቆጡ፣ «በይ እንደ ገና» አሏት። በሦስተኛው ዙር ፍሬቻዋን በጊዜው አብርታ፣ አንገቷን መልሳ አይታ፣ ቀስ ብላ ወጣች። ትምህርቱ ሲያልቅ መኪናውን ከአደባባዩ ርቀን አቁመን፣ በእግራችን ተመለስን። ልጅቱም በሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ሰዎች አንድ በአንድ፣ ዝም ብላ ቆማ አየቻቸው።