የእንጦጦ መንገድ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ አጠገብ ላደግን ልጆች ዝነኛ ሰው ማየት ብርቅ አልነበረም። የተራራው ከፍታ ከ3000 ሜትር በላይ፣ አየሩም ስስ ነው፤ በዚያ የተለማመደ ሳንባ ዝቅ ባለ ስፍራ ብርታት ያገኛልና፣ አገር የሚያውቃቸው ሯጮች ገና ጎሕ ሲቀድ በደጃችን ሽቅብ ያልፉ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. መስከረም ወር በሲድኒ ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ልዩነት ቀድሞ ድል አደረገ። ደራርቱ ቱሉም በሴቶቹ በዚያው ርቀት ወርቅ ወሰደች። ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን ልጆች ዶሮ ሳይጮኽ መነሣት ልማድ አደረግን። ከሩቅ የሚመጣውን በአሯሯጡ ለመለየት እንሽቀዳደም ነበር። ኃይሌ በልጅነቱ ደብተሮቹን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የለመደው የግራ ክንዱ መታጠፍ ዋና ምልክታችን ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ ክንዱን ያጠፈውን ሁሉ ኃይሌ እያልን የተታለልንበት ጊዜ ይበልጣል።

በዚያው ዓመት በግንቦት፣ አንድ ማለዳ፣ ሥዕሉ በቤታችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሯጭ ብቻውን ሲመጣ አየን። መንገዱ በሚጠብበት ስፍራ ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ አምስት ሴቶች ከተራራው ቍልቍል ይወርዱ ነበር። ወገባቸው ከሸክሙ የተነሣ ወደ ምድር ጐብጧል። ከፊት የምትመራው እናቴ ነበረች።

ጓደኞቼ በአጠገቤ ቆመዋል። ዐይኔን ከእርሷ አንሥቼ በሯጩ ላይ ተከልሁ። እንዳየችኝ ግን ዐውቃለሁ።

ሯጩ ቆመ። ወደ ቦዩ ዳር ወርዶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ይለፉ» አላት። አምስቱም እስኪያልፉ ጠብቆ ሩጫውን ቀጠለ። ጓደኞቼ ስለ ጫማው ቀለም ሲከራከሩ ረፈደ።

ማታ እናቴ ከምድጃው ዳር ተቀምጣ፣ እንደ ወትሮዋ፣ «ዛሬስ ማንን አያችሁ?» ስትል ጠየቀችኝ። ስሙን ለመጥራት ከንፈሬ አልታዘዝ አለኝ።

ቅዳሜ ሳይነጋ ገመዷን ተቀብዬ ተከተልኋት። በመንገድ ላይ አንድ ሯጭ በጎናችን አለፈ። ማን እንደ ሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር።