ከየሙያው ወደ አትሮንስ የወጡ ሰዎች

መጽሐፍ መደጎስ ጸጥተኛ ሙያ ነው። ደጓሹ ቅጠሉን ያስተካክላል፥ ይሰፋል፥ ገበታውን ያበጃል፥ ቆዳውን ያለብሳል፤ በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረው ግን ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ በ19ኛው ምዕት ዓመት በእንግሊዝና በአሜሪካ ሕዝብ እየተጋፋ ከሰማቸው ተናጋሪዎች መካከል ሁለቱ ከዚህ ዝምተኛ ሙያ መነሣታቸው የሚያስገርም ነው። አንደኛው ሚካኤል ፋራዴይ፥ ሁለተኛው ጆን ጎፍ ይባላሉ። ፋራዴይ ስለ ሻማ ነበልባል ተናገረ፤ ጎፍ ደግሞ ስለ ገዛ ራሱ ስካር ተናገረ። ከሁለቱ የትኛው የከበደ ነገር እንደ ተናገረ አንባቢ ከዚህ በታች ካለው ታሪክ ይፍረድ።

ፋራዴይ በ1791 ዓ.ም. ከአንድ ብረት ቀጥቃጭ በለንደን አጠገብ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከልጅነቱ ጀምሮ ለመጽሐፍ ደጓሽ ተሰጥቶ ሰባት ዓመት ሙያውን ሲማር፥ የሚደጉሳቸውን መጻሕፍት ማንበብ ጀመረ። ካነበባቸውም አንዱ ወይዘሮ ጄን ማርሴት ስለ ኬሚስትሪ የጻፉት ነበር፤ እኚህም ወይዘሮ መጽሐፉን ለመጻፍ ያሰቡት የሐምፍሪ ዴቪን ንግግር በለንደን ተቀምጠው ከሰሙ በኋላ ነው። እንግዲህ የዴቪ ቃል ከአፍ ወደ መጽሐፍ፥ ከመጽሐፍም ወደ ደጓሹ ልጅ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው። በ1812 ከሱቁ ደንበኞች አንዱ የመግቢያ ካርድ ሰጠውና አራት የዴቪን ንግግሮች ራሱ ሰማ። የሰማውንም ጻፈው፥ የመሣሪያውንም ሥዕል ሣለ፤ በእጁም ጠርዞና ደጉሶ ለዴቪ ላከለት። ዴቪም ራሱ የእንጨት ጠራቢ ልጅ ነበረና በትሕትና ተቀበለው፤ ነገር ግን ሳይንስ ድኻ እመቤት ናት በሚል አሳብ፥ ሙያህን አትተው ብሎ መከረው። ጥቂት ወራት ቆይቶ የቤተ ሙከራው ረዳት በጠብ ምክንያት ተባረረ፤ በመጋቢት 1813 ፋራዴይ በሳምንት 25 ሽልንግ ደመወዝ ገባ።

ሮያል ኢንስቲትዩሽን የተባለው ይህ ቤት በ1799 የተመሠረተ ሲሆን፥ ዕውቀትን ከሊቃውንት ጓዳ አውጥቶ ለከተማው ሰው ማሰማት አንዱ ሥራው ነበር። በ1825ና በቀጠለው ዓመት የዓርብ ማታ ጉባኤና ለልጆች የሚደረገው የገና ሰሞን ትምህርት ተጀመረ፤ የገናው ትምህርት እስከ ዛሬም አልቀረም። ፋራዴይ በዚያ ሲናገር ከተፈጥሮው አንደበተ ርቱዕ ስለ ነበረ ብቻ የተወደደ እንዳይመስል። የንግግር መምህር ቀጥሮ ተምሯል። በሚናገርበት ጊዜም «ቀስ በል» የሚል ቃል የተጻፈበት ካርድ በፊቱ ያስቀምጥ ነበር፤ ሲረሳውና ሲፈጥን ረዳቱ አንደርሰን፥ የቀድሞ የመድፈኛ ወታደር የነበረው፥ ካርዱን አንሥቶ ያሳየዋል። ሰዓቱም ሊያልቅ ሲል ጊዜውን የሚያስታውስ ሌላ ካርድ ይወጣል። ታላቁ ሊቅ ለአንድ ለጡረተኛ ወታደር ምልክት ይታዘዝ ነበር። በየጉባኤው ሰዓት የሚያልፍ ተናጋሪ ያደከመው ሰው ሁሉ ይህን ካርድ ሳይመኝ አይቀርም።

ለልጆች ከተናገራቸው ሁሉ የተወደደው ስለ ሻማ የተናገረው ነው፤ በ1848 አንድ ጊዜ፥ በ1860 መጨረሻና በ1861 መጀመሪያም ሁለተኛ ጊዜ በስድስት ክፍል አስተማረው። ጧፍ ሲበራ በየሌሊቱ የሚያይ ካህን ነገሩን ይበልጥ ያስተውለዋል። ነበልባሉ ከበታቹ ያለውን ሰም ያቀልጠዋል፤ ከጎን የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ጠርዙን ስለሚያጸናው ሰሙ እንደ ጽዋ ሆኖ የቀለጠውን ይይዛል። የቀለጠውም በክሩ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ ወደ እንፋሎት ተለውጦም ይነዳል። ፋራዴይ የመስተዋት ቧንቧ ከነበልባሉ መካከል አግብቶ ያንን እንፋሎት በሌላው ጫፍ ሲያቃጥለው ልጆቹ አዩ። ቀዝቃዛ ዕቃ ከነበልባሉ በላይ ሲይዝ ደግሞ የውሃ ጠብታ አንጠለጠለበት፤ ከእሳት ውሃ ወጣ። በመጨረሻም ሰው የሚተነፍሰው ትንፋሽና ሻማው የሚነድበት መንገድ አንድ ዓይነት መሆኑን አስረዳ፤ ሁለቱም ከአየሩ ኦክሲጅን ወስደው በዚያን ጊዜ ካርቦኒክ አሲድ ይባል የነበረውን ጋዝ ይመልሳሉና። በዚህ ሁሉ ስለ ራሱ ድኽነት፥ ስለ ደጓሹ ሱቅ አንድ ጉባኤ እንኳ አልሰበሰበም። ሊያወራው ቢፈልግ አድማጭ አያጣም ነበር።

ወደ አሜሪካ የተሻገረ እንደ ሆነ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። በ1826 ጆሳያ ሆልብሩክ የተባለ ሰው በማሳቹሴትስ አገር በሚልበሪ ከተማ «ላይሲየም» የሚባል ማኅበር አቆመ፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ የሚያውቀውን እንዲያስተምር ነበር። ይህም ባጭር ጊዜ ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ፤ ውሎ አድሮም ንግግር መተዳደሪያ ሆነ። ኤመርሰን የቦስተን ቤተ ክርስቲያን ስብከቱን በ1832 ትቶ በዚህ መንገድ ኖረ። ማተሚያ ቤት ሠራተኛና የወንዝ መርከብ መሪ የነበረው ማርክ ትዌይን በ1866 በሳን ፍራንሲስኮ ስለ ሐዋይ ደሴቶች ተናግሮ ጀመረ። ራስል ኮንዌል ደግሞ ወታደርም ጠበቃም ከሆነ በኋላ የፊላዴልፊያ ሰባኪ ሆኖ አንዱን ንግግሩን፥ «የአልማዝ እርሻ» የተባለውን፥ ከ6000 ጊዜ በላይ ተናገረ፤ ገንዘቡንም ለድኻ ተማሪዎች ሰጠ። ስድስት ሺህ ጊዜ! ሰውዬው ግን በየከተማው ቀደም ብሎ እየደረሰ ከጸጉር አስተካካዩና ከፖስታ ቤቱ ሹም ጋር ይጫወት ነበር ይባላል፤ የአገሩን ነገር ሰምቶ በንግግሩ ሊያገባው ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ እንደ ወፍጮ ድምፅ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ደጓሽ ጆን ጎፍ በ1817 በእንግሊዝ አገር በኬንት ተወልዶ በ12 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተላከ፤ በኒው ዮርክም መጽሐፍ መደጎስ ተማረ። ከዚህ በኋላ መጠጥ ያዘው። ሥራውን አጣ፤ በየመሸታው ቤት እየዘፈነና እያሳቀ ኖረ፤ ሚስቱና ልጁም ሞቱበት። በ1842 በዉስተር ከተማ መንገድ ላይ አንድ ሰው በትከሻው መታ አድርጎ በገርነት አነጋገረውና መጠጥ እንዲተው በፊርማው ቃል አስገባው። ትከሻውን የነካው ሰው የምግብ ቤት አሳላፊ እንጂ ሰባኪ አልነበረም። ጎፍ ከጥቂት ወራት በኋላ ቃሉን አፈረሰ፤ ግን ጥፋቱን በአደባባይ ተናዝዞ እንደ ገና ፈረመ። ከዚህ ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ይህንኑ ለሕዝብ ሲናገር ኖረ። የተዋናይነት ተሰጥዎ ስለ ነበረው ሰካራሙን ሲያስመስል ሕዝቡ ይሥቅ ነበር፤ ወዲያውም ያለቅስ ነበር።

ቍስሉን እየገለጠ የሚኖር ሰው ግን ቍስሉ እንዲድን የሚፈቅዱለት አይመስልም። በ1845 ጎፍ በኒው ዮርክ ጠፍቶ ሰክሮ ተገኘ። እርሱ፥ በሚጠጣ ነገር መድኃኒት ቀላቅለው ሰጡኝ አለ፤ ጠላቶቹ አላመኑትም፤ ወዳጆቹ አመኑት። አንድ ደጓሽ ቢሰክር ኖሮ ጋዜጣ አይጽፈውም ነበር። የንግግሩ ርእስ የገዛ ሕይወቱ ስለ ሆነ ግን ሰውዬው ሲወድቅ ትምህርቱም አብሮት የወደቀ መሰለ። ዳሩ ግን ተነሥቶ ቀጠለ፤ በ1886 በፊላዴልፊያ አውራጃ በመድረክ ላይ ቆሞ ሲናገር ሕመም ጣለውና ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ።

ከጎፍ ፈተና የባሰ ያገኘው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። በሜሪላንድ በባርነት ተወለደ፤ በባልቲሞር የመርከብን ስንጥቅ የሚደፍን ሠራተኛ ሆነ። በ12 ዓመቱ ገደማ በ50 ሳንቲም የገዛው የንግግሮች መጽሐፍ ነበረው፤ በእርሱም ውስጥ ባሪያና ጌታ ሲከራከሩ ባሪያው በምክንያት ረትቶ ነጻ ሲወጣ አነበበ። በ1838 አምልጦ ወደ ሰሜን ሄደ፤ በ1841 በናንታኬት ደሴት ባርነትን በሚቃወሙ ሰዎች ጉባኤ እየተንቀጠቀጠ ተናገረ፤ ወዲያውም ማኅበሩ ተናጋሪ አድርጎ ቀጠረው።

እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ያከበሩት ወዳጆቹ ራሳቸው፥ አንተ የደረሰብህን ብቻ አውራ፥ ትርጓሜውን እኛ እንጨምርበታለን ይሉት ጀመር። አነጋገሩም ጥቂት የባሪያ ጠባይ ቢቀላቀልበት ይሻላል ተባለ፤ እጅግ የተማረ ከመሰለ ሕዝቡ ባሪያ መሆኑን አያምንምና። ይህን የሚሉት በክፋት አልነበረም፤ ለዚህም ነው ለመመለስ ያስቸገረው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ይዘርፍ፥ ወርቁን ግን ሌላ ይፍታለት እንደ ማለት ነው። ዳግላስ ግን በየሌሊቱ ያንኑ ታሪክ መድገም ሰለቸው፤ እያነበበና እያሰበ ስለ ነበር በደሉን መተረክ ብቻ ሳይሆን በደሉን መንቀፍ ፈለገ። ሕዝቡም እንደ ተፈራው መጠራጠር ጀመረ። ስለዚህ በ1845 የጌታውን ስምና የተወለደበትን አውራጃ ሳይሸሽግ ሕይወቱን በመጽሐፍ አሳተመ፤ ይህም ማስረጃ ሆነለት፥ ለአሳዳጆቹም መንገድ መሪ ሆነ። ወደ እንግሊዝ ሸሽቶ ቆየ፤ በዚያም ያሉ ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው በ1846 ነጻነቱን ከጌታው ገዙለት።

ትርጓሜውን ለእኛ ተው የተባለው ሰው በ1854 በኦሃዮ ኮሌጅ በተማሪዎችና በመምህራን ፊት ቆሞ የሰው ዘር አንድ ስለ መሆኑ ንግግር አደረገ። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሊቃውንት የራስ ቅል እየለኩ፥ የጥንት ግብጻውያን ከጥቁር ሕዝብ ጋር አይዛመዱም ይሉ ነበር፤ እርሱም መጽሐፎቻቸውን አንድ በአንድ እየጠቀሰ ተከራከራቸው። ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። በዚያ ቀን ስለ ሰንሰለቱ ቢያወራ ሁሉ ያለቅስለት ነበር፤ እርሱ ግን እንባቸውን ሳይሆን መልሳቸውን ጠየቀ።

ይኸው የጥቁር አሜሪካውያን አድማጭ በኋላ ዘመን ከኢትዮጵያ የመጣ ተናጋሪ ሰምቷል። ዶክተር መላኩ በያን በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው፥ በጠላት ወረራ ጊዜ ቍስለኛ ካከሙ በኋላ በ1936 ወደ አሜሪካ ተመለሱ። ሐኪም ነበሩ፤ ሕዝቡ የሚጠይቃቸው ግን ስለ ሕክምና አልነበረም። በኒው ዮርክ በየአዳራሹና በየቤተ ክርስቲያኑ ስለ አገራቸው እየተናገሩ፥ በ1937 የኢትዮጵያን ዓለም አቀፍ ማኅበር አቆሙ፤ በ1940 የአገራቸውን ነጻነት ሳያዩ በዚያው ዐረፉ። ሙያቸውን ትተው ስለ ሌላ ነገር ተናገሩ ይባል እንደ ሆነ፥ ቍስሉን ባጠገቡ ሆኖ ላየ ሰው ሌላ ነገር አልነበረም።

ወደ ፊተኛው ደጓሽ እንመለስ። ፋራዴይ የባላባትነት ማዕርግና የሮያል ሶሳይቲ ሊቀ መንበርነት ሲሰጡት አልቀበልም ብሎ በዚያው ቤት አረጀ። የማስታወስ ኃይሉ እየደከመ ሄደ። በሰኔ 1862 በአንድ ዓርብ ማታ ስለ ሲመንስ የጋዝ ምድጃ ሊናገር ወጣ። በያዘውም ማስታወሻ መጨረሻ ላይ፥ ዕድሜውና የመርሳቱ ነገር ከእንግዲህ ወዲህ ከመድረክ እንዲወርድ የሚያስገድዱት መሆኑን ለሕዝቡ ሊነግር ጽፎ ነበር። በንግግሩ መካከል ወረቀቱን እሳት ነካውና ነገሩ ተምታታበት። ከዚያ በኋላ የዓርብ ማታ ንግግር አላደረገም፤ በ1867 ሞተ። በ1812 ከዴቪ አፍ ጽፎ በገዛ እጁ የደጎሰው ጥራዝ በዚያው ቤት ይገኛል።