የቅዳሜ ድምፅ

አባቴ ደረጃ ወርደው መሬት ከረገጡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ግራ ጎናቸውን ሕመም ከያዛቸው ወዲህ ዓለማቸው በአንድ መስኮት ልክ ሆናለች። ከመስኮቱ ሥር፣ አራት ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ በኮንዶሚኒየሙ የመኪና ማቆሚያ ጥግ፣ ሸራ ለብሳ የቆመች ቮልስዋገን አለች። በ1970 እ.ኤ.አ. የተሠራች ናት፤ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች።

ነባሩ ግቢያችን በ2010 ዓ.ም. ለልማት ሲፈርስ የእርሷም ቤት አብሮ ፈረሰ። በዚያ ጋራዥ ግድግዳ ላይ አንድ ሶኬት ነበረች፤ ባትሪው ሲደክም አባቴ ቻርጀራቸውን እዚያ ይሰኩና ራት ይበሉ ነበር። እዚህ ሶኬት የለም። አንድ ጊዜ ባትሪውን ተሸክሜ አራት ፎቅ ወጣሁ፤ እናቴ ግን በር ላይ ቆመው «አሲድ ይዘህ ከበሽተኛ ቤት አትገባም» አሉኝ። እውነት ነበራቸው፤ ባትሪ ሲሞላ የሚተነፍሰው ጋዝ እሳት የሚወድ ነው።

ስለዚህ በየቅዳሜው ጠዋት ወርጄ ሞተሩን አስነሳ ነበር። ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆማ ታጓራለች፤ ቀጥዬ አጠፋለሁ። ስመለስ አባቴ «ተነሣች?» ይሉኛል፤ ድምፅዋን እየሰሙ እንደነበር እያወቅሁ «ተነሥታለች አባባ» እላቸዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ በጠባችን ውስጥ ደስ የሚል ንግግር ይኸው ብቻ የሆነበት ጊዜም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን ቁልፉን ባዞርሁ ጊዜ «ጧ» ብቻ አለች። የጠራሁት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የኋላውን መቀመጫ አነሣ፤ የቮልስ ባትሪ የሚተኛው እዚያ፣ በቀኝ በኩል ነው። አባቴ የመቀመጫው ሽቦ ከባትሪው ጋር ተነካክቶ እሳት እንዳያስነሣ ከአሮጌ ጎማ ቆርጠው ያለበሱት ክዳን አሁንም በቦታው ነበር። ሰውየው ለካና 11.9 ቮልት አገኘ። ደኅና የሞላ፣ ያረፈ ባትሪ 12.6 ገደማ ማሳየት ነበረበት።

«ማን ገደላት?» አለኝ እየሳቀ። የቅዳሜውን ልማዴን ነገርሁት። «አንተው ነሃ!»

እንዲህ ነው ነገሩ። ሞተር ለማስነሣት በጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል ይወጣል። የእርሷ ዲናሞ ደግሞ የድሮ ነው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚያመነጨው ከምንም አይቈጠርም፤ ለዚህ ነው ቀዩዋ መብራት ብልጭ ድርግም የምትለው። መንገድ ወጥታ ግማሽ ሰዓት ካልሮጠች የወሰደችውን አትመልስም። እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም (አባቴ ሊያስተምሩኝ ሞክረው ነበር፤ ያን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ)። በዚህ ላይ አባቴ ያስገጠሙት የሌባ ማስጠንቀቂያ ቀንም ሌሊትም ከባትሪው ይጠባል። ባትሪው ደግሞ ባዶነት አይችልም። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ከእርሳስና ከአሲድ ከሠራው ጀምሮ ጠባዩ ይኸው ነው፤ ሳይሞላ ከቆየ በእርሳሱ ሳህን ላይ ነጭ ነገር ይጋገርበታል፤ የተጋገረው ሲጠነክር ደግሞ ቻርጅም አይፈታውም።

ሰውየው ባትሪውን ወስዶ ሞልቶ መለሰልኝ። እኔም ዐሥር ዋት የምትሰጥ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ገዝቼ በኋላው መስታወት ሥር አኖርኋት። በመካከል መቆጣጠሪያ አለባት፤ ቀን ከልክ በላይ እንዳይሞላ፣ ሌሊት ደግሞ ኃይሉ ወደ ሰሌዳው ተመልሶ እንዳይፈስ ትጠብቃለች። በጋውን ሙሉ ፀሐይዋ የቅዳሜን ዕዳ ስትከፍልልኝ ከረመች።

ሐምሌ ገባ። የዐሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ነን እንላለን፤ የአዲስ አበባን ሐምሌ ግን ባትሪ ያውቀዋል! በሦስተኛው ቅዳሜ 12.2 ሆነ። ሁለቱን አንድ ላይ ማኖር እንደማልችል ገባኝ፤ ወይ ባትሪው ወይ ድምፁ።

ለአባቴ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ዲናሞውንም፣ የእኔንም ጥፋት። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ለእኔ ብለህ ነው የምታስነሣት?»

«አዎ አባባ።»

«ንቀለው» አሉኝ። «ኔጌቲቩን ንቀለው። ክረምቱን ትተኛ።»

ነቀልሁት። ከመኪናዋ የተላቀቀ ባትሪ ከራሱ ድካም በቀር የሚጠባው የለም፤ ለዚያ ድካም የደመናው ብርሃን በቃው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዝናቡን በሸራው ሥር ተጠልዬ እለካለሁ፤ ስወጣ አባቴ ጥያቄያቸውን ለውጠው ይጠብቁኛል። «ስንት አለች?» ይላሉ። «12.3»፣ ሌላ ሳምንት «12.4» እላቸዋለሁ። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቀን ቀድመውኝ «ዛሬ ፀሐይ ስለነበረ 12.5 ትሆናለች» አሉ። ልክ ነበሩ።

ከመስቀል ማግስት ባለችው ቅዳሜ ሸራውን ገለጥሁ። ገመዱን መልሼ አጠበቅሁ፤ መቀመጫውን ከደንሁ። ቁልፉን ከማዞሬ በፊት በመስታወቱ ወደ አራተኛው ፎቅ አሻቅቤ አየሁ። መስኮቱ ተከፍቶ ነበር።