ለልጅ ነግሮ ለምራት ማሰማት

ያገራችን ሰው ፊት ለፊት ሊናገረው የሚያፍረውን ነገር በሌላ አስታክኮ መናገር ያውቅበታል። ለልጅ እየነገሩ ለምራት ማሰማት ማናችንም ፊደል ሳንቆጥር የጎጃም ባልቴቶች የተካኑበት ጥበብ ነው። ስለዚህ በራዲዮና በቴሌቪዥን ድራማ አማካይነት ስለ ሴትና ወንድ ድርሻ፣ ስለ ወር አበባና ስለ አባላዘር በሽታ ሕዝብን ማወያየት ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ነው ከሚሉት ጓደኞቻችን ጋር አንስማማም።

እርግጥ ነው፣ ዘዴውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በሜክሲኮ ቴሌቪዥን የቀመረው ሚጉኤል ሳቢዶ ነው። ይኸውም አንድ ደግ፣ አንድ ክፉ፣ አንድ ደግሞ በሁለቱ መካከል የሚዋልል ሰው ፈጥሮ፣ ተመልካቹ ከሚዋልለው ጋር አብሮ እንዲማር ማድረግ ነው። በኛም አገር «የቀን ቅኝት» የተባለው የራዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች ቀርቦ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ብዙ ቤት አነጋግሯል። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ «የኛ» በአምስት ልጃገረዶች ታሪክና ዘፈን ያለዕድሜ ጋብቻን አነሣ፤ በ2009 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ርዳታ ቢቋረጥበትም ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሯል።

እኛ የሉማሜ ልጆች ነገሩን ባለፈው ዕረፍት በቅርብ አይተነዋል። በአንድ ጎረቤት ቤት ቡና ተፈልቶ ሴቶቹ ቴሌቪዥን ይመለከታሉ። በድራማው አንድ አባት ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ሊድራት ይዶልታል። «ኧረ ይኼ ሰው ምን ነካው! ገና እኮ ልጅ ናት» አሉ አንዲት እናት። ጥቂት ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔንስ ማን ጠየቀኝ? የወር አበባዬን ያየሁት ባል ቤት ነው፤ የምሞት መስሎኝ ነበር» ሲሉ ቤቱ ጸጥ አለ። ልጃቸው ይህን ከእናቷ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ እንደ ነበረ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ግን አባወራው ገቡ፤ ጣቢያው ወደ ኳስ ተለወጠ፤ ወሬውም እዚያው ቀረ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ በጎረቤት ልጅ ቢወራ ሐሜት፣ በራስ ልጅ ቢወራ ነውር የሚሆነው፣ በድራማ ልጅ ሲወራ ጨዋታ ነው። ሁለተኛ፣ ሪሞቱ በማን እጅ እንዳለ ካልታሰበበት ድራማው ብቻውን ሩቅ አይወስድም። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ ነገር ግን ስምንተኛ ክፍል በሒሳብ ሁላችንንም ታስከነዳ የነበረችው ልጅ ዛሬ ከማናችንም ጋር ዩኒቨርሲቲ የለችም። ትዳሯን የተማከሩት ወንዶች ነበሩ፤ እሷ ቡና ታቀርብ ነበር።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ክረምት ወደየቤታችን ስንገባ ስብከት ይዘን አንሂድ። ድራማው ሲያልቅ «አባባ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ይህም በተለይ የወንዶቻችን ፈንታ ነው፤ እኅት ስትጠይቅ ድፍረት የሚባለው ወንድም ሲጠይቅ ጨዋታ ይባላልና። ለሚከተለው የጤና ጥያቄ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። አባት መልስ ባይሰጡም እንኳ፣ ጓዳ ያለችው ልጅ ጥያቄው መጠየቅ የሚቻል መሆኑን ትሰማለች።