መቀስ ያልነካው ልብስ

ሳሪ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የሕንድ ፊልም ነው፤ ዛፍ እየዞሩ ሲዘፍኑ ነፋስ የሚያውለበልበው ያ ረጅም ጨርቅ። በንጉሡ ዘመን የተማሩ ደግሞ ሳሪ ለብሰው ሂሳብ ያስተማሯቸውን ሕንዳውያት መምህራን ያስታውሳሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን አለመሰፋቱ ነው።

ሳሪ ከሸማኔው እጅ እንደ ወረደ የሚለበስ አንድ ወጥ ጨርቅ ነው። ርዝመቱ ከ4 ሜትር ተኩል እስከ 8 ሜትር ይደርሳል። ቁልፍ የለው፣ ስፌት የለው፤ ቅርጹን የምትሰጠው ለባሿ ራሷ ናት። በተለመደው አለባበስ ከፊት ተሸንሽኖ ወገብ ላይ ይሸጎጣል፤ ጫፉም በግራ ትከሻ ላይ ይጣላል። የጉጃራት ሴት ጫፉን ከኋላ አምጥታ በቀኝ ትከሻዋ ወደ ፊት ታወርደዋለች። የማሃራሽትራዋ በእግሮቿ መካከል አሳልፋ እንደ ሱሪ ትታጠቀዋለች፤ ለሥራ ይመቻታል። ርታ ካፑር ቺሽቲ የተባሉ ተመራማሪ ከመቶ የሚበልጡ አለባበሶችን መዝግበዋል።

ጥንታዊ ነው ማለት አይለወጥም ማለት አይደለም። ዛሬ ከሥሩ የሚለበሱት አጭር ሸሚዝና ጉርድ የተስፋፉት በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። የባለቅኔው የታጎር ወንድም ሚስት ጅናናዳናንዲኒ ዴቪ ይህን አለባበስ በቤንጋል በማስለመድ ይታወቃሉ።

ስለዚህ ለውጡ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ የእጁ መጥፋት ነው። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ሕግ አንዳንድ የሳሪ ዓይነቶችን ለእጅ ሸማኔ ብቻ ከልሎ ነበር። ሆኖም የቫራናሲን ሐር አስመስሎ በመኪና የተሸመነው በርካሽ ይሸጣል። ተሸንሽኖና ተሰፍቶ እንደ ቀሚስ የሚጠለቅም መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ አንዲት ሴት ሳሪ በመልበሴ ኒው ዴልሂ ውስጥ ምግብ ቤት እንዳልገባ ተከለከልሁ ስትል ያሰማችው አቤቱታ አገር አነጋገረ። በገዛ አገር ልብስ፣ በገዛ አገር!

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል፤ ለሐዘን ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል። ይህን ያወቅነው እናቶቻችን ትከሻችን ላይ እያስተካከሉልን ነው። ዛሬ ጥበብ የሚመስል የፋብሪካ ጨርቅ ከሸማኔው ሥራ ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። ገዢው ኪሱን ቢያይ አልፈርድበትም፤ የእጅ ሥራ ውድ ነው። ነገር ግን ሸማኔው ከጉድጓዱ ከወጣ፣ ልጅቱም ማጣፋቱን ካልተማረች፣ መደብሩ ቢሞላ ምን ይረባል? የሚቀረው ጨርቅ ብቻ ነው።